ትልቁን ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ትንሹን ለኩ

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ፣ እንጀራ ስገዛ አብሬ አነሳለሁ። ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። መኪናዬ የ2010 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራ ሃይብሪድ ናት። እዚህ አካባቢ ብዙ ወገኖቼ እንጀራቸውን የሚበሉት በዚህችው መኪና ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ በብርዱ ወራት የእኔና የሁለት ጓደኞቼ መኪና ተበላሸብን። ሦስታችንም ከባድ ሂሳብ ተጠየቅን። ለሁለታችን "ሃይብሪድ ባትሪው ሞቷል" ተባለ፤ መኪናዋን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ማለት ነው። ለአንዱ ደግሞ "ኢንቨርተሩ ተቃጥሏል" ተባለ፤ የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚያመቻቸው ክፍል ነው። በኋላ በደንብ ሲታይ ግን የተባለው ዕቃ በእውነት የተበላሸው የአንዱ ብቻ ነበር። የእኔ ከተረፉት ሁለቱ አንዷ ናት።

የራሴን ልንገራችሁ። ጥር ውስጥ ነው። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛዬን ደለስ ኤርፖርት ላደርስ ቀጠሮ ነበረኝ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ የመኪናዋን በር ስነካ አልከፈት አለኝ። ቁልፉ ውስጥ የምትወሸቀዋን የብረት ቁልፍ አውጥቼ ከፈትኩ። ገብቼ ፍሬን ረገጥኩና ፓወር የሚለውን ተጫንኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለ መብራት ሁሉ በአንዴ በራ። ቀዩ ሦስት ማዕዘን፣ የፍሬኑ፣ የኤቢኤሱ፣ የሞተሩ። ከዳሽቦርዱ ኋላ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ደበዘዘ። "ሬዲ" የምትለዋ ጽሑፍ አልመጣችም። ሬዲ ካላለች ደግሞ ፕሪየስ አትንቀሳቀስም።

ደንበኛዬን በጓደኛዬ መኪና ላክኋት። ሲነጋ ቶው ትራክ ጠርቼ 140 ዶላር ከፍዬ ጋራዥ አስገባኋት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ተሰጠኝ። "ትልቁ ባትሪ ሞቷል። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር።" በምን እንዳወቁ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ጋ ደውዬ ስነግራት ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጥነውን ብር እናውጣ አለች። እሺ ልል ነበር።

ያተረፉኝ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። እዚህ አገር ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ኤሌትሪሻን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ትንሹን ለክተሃል?" ብለው ነው። ትንሹ የትኛው እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ግቢ ድረስ መጡልኝ።

ቴስተራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የድሮ ቢጫ ቴስተር ነው። የአንዱ ሽቦ ልባስ ተሰንጥቆ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ኮፈኑን ከፈቱ። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አነሱ። እዚያ ውስጥ ቀይ መሸፈኛ ያላት አንዲት የብረት ጫፍ አለች። ቀዩን የቴስተር እግር እሷ ላይ፣ ጥቁሩን ቀለም ያልተቀባ የብረት ብሎን ላይ አስነኩ። ቁጥሩ 10.7 ቮልት አለ። "በል ግባና ፍሬን ረግጠህ ተጫን፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ" አሉኝ። ስጫን 10.7 የነበረው ወደ 8.4 ወረደ። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ተመለሰ። ጋሼ ቀና ብለው "ይህቺን መኪና ማንም እንዳይነካብኝ" አሉ።

ከዚያ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ ተንቀሳቃሽ ማስነሻ አወጡ። ቀዩን መቆንጠጫ እዚያችው ቀይ ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን ብረቱ ላይ አያያዙ። ተጫን አሉኝ። ሬዲ አለች! እዚያው ቆሜ ዓይኔን ማመን አልቻልኩም። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆችም መጥተው አዩ።

ለምን እንደሆነ ጋሼ እንዳስረዱኝ እጽፈዋለሁ። ድሮ አገር ቤት የምናውቀው መኪና ሞተሪኖ አለው። ሞተሪኖው ከ12 ቮልት ባትሪ ኃይል ስቦ ሞተሩን ያዞራል። ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል። ፕሪየስ ሞተሪኖም ዲናሞም የላትም። ሞተሩን የሚያስነሳው ከኋላ ወንበር ኋላ ባለው ትልቅ ባትሪ የሚሠራ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የእኔ መኪና ትልቁ ባትሪ 28 ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 7.2 ቮልት ነው። ተደምሮ 201.6 ቮልት ይሆናል። ይህ ኃይል መኪናዋ ስትጠፋ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። ቁልፉን የሚከፍቱት ሬሌ የሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ትልልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ሬሌዎቹን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም ሬሌዎቹም የሚሠሩት ከትንሹ፣ ከ12 ቮልቱ ባትሪ በሚያገኙት ኃይል ነው።

"ትንሹ ባትሪ ዘበኛ ነው" አሉኝ ጋሼ። "ግቢው ሙሉ ሀብት ቢኖር ዘበኛው ከተኛ በሩን ማን ይከፍታል?"

ትንሹ ሲደክም ኮምፒውተሮቹ በቂ ቮልት ስለማያገኙ ግራ ይገባቸዋል። እያንዳንዱ የየራሱን የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ለዚህ ነው ዳሽቦርዱ በመብራት የሚሞላው። የሚያየው ሰው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ የተበላሸች ይመስለዋል። ችግሩ ግን ከኋላ ኮፈን በስተቀኝ ጥግ፣ ምንጣፉ ስር የተቀመጠች ትንሽ ባትሪ ናት። የእኔ ሰባት ዓመት አገልግላለች። የኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በቅሎበት ነበር። 230 ዶላር ከፍዬ አዲስ ገዛሁ። የሽቦውን ጫፍ በብረት ብሩሽ ጠርገን አሰርነው። ሬዲ ብላ ስንለካ 14.1 ቮልት አሳየች። ይህም ትልቁ ባትሪ ትንሹን እየሞላ ነው ማለት ነው። እነሆ እስከ ዛሬ ያለ ችግር ትነሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባትሪው ያለበት የኋላ ኮፈን ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ኤጂኤም የሚባለው፣ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ዓይነት ነው የሚገባው። ርካሽ ብሎ የተራ መኪና ባትሪ መግጠም አደጋ አለው። ቱቦዋንም መልሶ መሰካት አይረሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባትሪዬን ማን ገደለው? እኔው ራሴ ነኝ። ብዙዎቻችንም እንዲሁ እያደረግን ነው።

ደለስ ታክሲ ማቆያው ውስጥ ተራ እስኪደርስ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ቤንዚን እንዳይቃጠል ብለን መኪናዋን እናጠፋለን። ከዚያ ፍሬን ሳንረግጥ ፓወሩን አንዴ ወይም ሁለቴ እንጫናለን። ሬዲዮው ይሠራል፣ ስልክ ቻርጅ ይሆናል፣ ቡናችንን ይዘን እናወራለን። እኔ ይህን ለዓመታት ሳደርግ ኖሬያለሁ። ሬዲ ሳትል የሚበራው ሁሉ ግን የሚበላው ትንሹን ባትሪ ብቻ ነው። ትልቁ ተቆልፏል። ማንም ትንሹን አይሞላውም። ትንሹ ደግሞ ሞተር የማዞር ሥራ ስለሌለበት ከተራ መኪና ባትሪ አነስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በየቀኑ እንዲህ እየተመጠጠ ብርድ ሲመጣ ይወድቃል።

ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ሬዲዮ መስማት ካለብህ ፍሬን ረግጠህ ሬዲ አድርጋት፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርገህ ተቀመጥ። ሞተሩ ሁልጊዜ አይሠራም። ትልቁ ባትሪ ሲቀንስ ብቻ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራና ይጠፋል። ማሞቂያ ከከፈትክ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከሞተሩ ውሃ ነውና። ቢሆንም የምታቃጥለው ቤንዚን ከአንድ የቶው ትራክ ሂሳብ ጋር አይወዳደርም። ይህንን ግን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም እንዳታደርጉ። ሞተሩ ሳታስቡት ስለሚነሳ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ሌላም ልማድ አለን። ሰልፉ ቀስ እያለ ሲሄድ ማርሹን ኤን ላይ አድርገን እንቆያለን። ኤን ላይ ስትሆን ፕሪየስ ትልቁን ባትሪ አትሞላም። ቤንዚን አልቆባት በባትሪ ብቻ መግፋትም እንዲሁ ነው። ትልቁ ባትሪ ከመጠን በላይ ከወረደ ሞተሩን የሚያዞርበት አቅም ያጣል። ያኔ በኬብል ብታያይዛትም አትነሳም፤ ልዩ ቻርጀር ያስፈልጋታል። ቆመን ስንጠብቅ ፒ ላይ ይሁን።

ዳሽካሜራም አለ። መኪናው ከጠፋም በኋላ እንዲቀርጽ ተደርጎ በቀጥታ ከባትሪው የተሳበ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ትንሹን ባትሪ ሲመጥጥ ያድራል። ለእረፍት አገር ቤት አንድ ወር ሄዶ ለሚመለስ ሰው ትንሹን ባትሪ ፈትቶ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጓደኛችን የተለየ ነው። የትልቁ ባትሪ ማቀዝቀዣ ፋን በአቧራ ተደፍኖ ስለነበር በቪዲዮ እያየ ራሱ ሊያጸዳ ገባ። ፋኑ አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር ጎን ነው፤ የተሳፋሪ ልብስ ብናኝ፣ የውሻ ፀጉር፣ ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ ማጽዳቱ ደግ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ብርቱካንማዋን መንቀያ አውጥቷል። እሷ ትልቁን ባትሪ ለሁለት የምትቆርጥ የደህንነት መሰኪያ ናት። ሲጨርስ መልሶ ሰካት። መኪናዋ ግን ሬዲ አልል አለች። ጋራዥ ሲወስዳት ኢንቨርተር ይቀየር ተባለ።

ጋሼ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነበቡ። ፒ0ኤ0ዲ ይላል። ይህ ኮድ የከፍተኛ ቮልቴጅ መቆለፊያው ተከፍቷል ማለት ነው። መንቀያዋ ስትመለስ ሦስት እንቅስቃሴ አላት። ትገባለች፣ እጀታዋ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ተንሸራትታ ትቆለፋለች። ልጁ ሁለቱን አድርጎ ሦስተኛውን ረስቷል። መቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ካልተነካች ኮምፒውተሩ ሬሌዎቹ ኃይሉን እንዲለቁ አያዝዝም። ጋሼ ጓንት አድርገው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጓት። ቀጭ አለች። ሬዲ መጣች።

ልጁ ደስ ብሎት አቀፋቸው። እሳቸው ግን ተቆጡት። ልክ ናቸው። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሽቦ ሁሉ ከ200 ቮልት በላይ ይይዛል። መንቀያው ከወጣ በኋላም ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪጠፋ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ያልተበሳ የጎማ ጓንት ያስፈልጋል። ወንድሞቼ፣ ብርቱካንማውን ለባለሙያ ተዉት። እኔ የምለው የ12 ቮልቱን እንለካ ነው።

ሦስተኛው ሰው የእውነት ትልቁ ባትሪ ነው የሞተበት። ኮዱ ፒ0ኤ80 ነበር። የእሱ ምልክት ከእኔ የተለየ መሆኑን ልብ በሉ። ቀዩ ሦስት ማዕዘን በርቶም መኪናው ሬዲ ይል ነበር፣ ይነዳም ነበር። ፋኑ ይጮሃል፣ የባትሪው ሥዕል በአንዴ ይሞላል በአንዴ ይወርዳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ባትሪ ሲደክም እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው። ትናንት በሰላም ያደረች መኪና ጠዋት በሯን እንኳን አልከፍት ካለች፣ መብራቱ ደብዝዞ ጠቅ ጠቅ ካለች፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትንሹ ነው። ሁልጊዜ ነው አልልም፤ ግን መለኪያው ሃያ ዶላር፣ ጊዜው ሁለት ደቂቃ ነው።

መብራቶቹ ደማቅ ሆነው ሬዲ ብቻ ካልመጣ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቱን ይይላችሁ። ካልበራ መኪናዋ ፍሬን መርገጣችሁን አላወቀችም። ፊውዙን ወይም ፔዳሉ ላይ ያለችውን ማብሪያ ማየት ነው። "ቁልፍ የለም" የምትል ከሆነ የቁልፏ ባትሪ አልቆ ይሆናል። በእኔ ሞዴል ቁልፉን ፓወሩ ላይ አስጠግቶ መጫን ያስነሳታል።

ቁጥሮቹን ቆርጣችሁ ያዙልኝ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ጤነኛ ትንሽ ባትሪ ከ12.5 እስከ 12.8 ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከ12 በታች ከሆነ ዛሬ ብትነሳም ነገ አትተማመኑባት። ሬዲ ካለች በኋላ 14 አካባቢ ካልወጣ ደግሞ ችግሩ ትንሹን የሚሞላው ክፍል ጋ ነው፤ ያኔ ባትሪ ብቻ መቀየር አያድናችሁም። ኬብል ስታያይዙ ቀይና ጥቁሩን እንዳታቀያይሩ። አንዴ ከተቀያየረ የሚቃጠለው ነገር ከባትሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በፕሪየስም የሌላ ሰው መኪና አታስነሱ፤ የሚሳበው ኃይል ለእሷ ይበዛባታል። ማስነሻችሁን የኋላ ኮፈን ውስጥ አታስቀምጡ። ትንሹ ባትሪ ከሞተ የኋላው በር በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት አይከፈትላችሁም። የእኔ አሁን ከሹፌር ወንበር ስር ናት።

ስለ ኢንቨርተር አንድ ነገር ልጨምር። ቶዮታ በየካቲት 2014 በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ያህል የእኔን ዓይነት ፕሪየስ የዚሁን ክፍል ሶፍትዌር ለማስተካከል መልሶ ጠርቷል፤ ይህን ሪኮል ይሉታል። በ2018 ደግሞ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሃይብሪዶች በድጋሚ ተጠርተዋል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሰዎች ይህ መሠራቱን ላታውቁ ትችላላችሁ። የመኪናውን አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ የአሜሪካ መንግሥት የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በነፃ ማየት ይቻላል። የሪኮል ጥገና ገንዘብ አያስከፍልም።

የጋራዥ ባለቤቶች ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለደንበኛው በምትሰጡት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉለት፤ ያነበባችሁትን ኮድ እና የ12 ቮልቱን ባትሪ ልክ። እንግሊዝኛው የሚከብደው፣ በሰው አገር ማንን እንደሚጠይቅ የማያውቅ ሹፌር ያንን ወረቀት ይዞ ሌላ ሰው ማማከር ይችላል። እኔ ያን ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖረኝ ባለቤቴ እንደዚያ ባልደነገጠች ነበር። በቅንነት የሚሠሩ መካኒኮቻችን ብዙ ናቸው። ይህን መጻፍ እነሱንም ከሐሜት ያድናቸዋል።

ለእርስዎም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ልመና አለኝ። ስለ መኪና ባለሙያ የሚጽፍበት አንድ ዓምድ በወር አንዴ ቢኖራችሁ ብዙ ሰው ያነብበዋል። ኤርፖርት ማቆያው ውስጥ ጋዜጣችሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በዓይኔ አያለሁ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼና እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ለፈለገ ሰው ሁሉ ለካንለት። አሥራ አንድ መኪና ለካን። ሁለቱ ከ12 በታች ነበሩ። የአንደኛዋ ባለቤት አንዲት ነርስ እህታችን ናት፤ ሰኞ ሌሊት ተረኛ ነበረች። ከዚያው ሄዳ ባትሪውን ገዛች፣ እኛም ገጠምንላት። የሚቀጥለውም እሁድ እዚያው ነን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ከአሌክሳንድሪያ